ኬፒ ብቻውን አይበቃንም፦ ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትና ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ እንዲሁም በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ስራ ላይ ላላችሁ ሁሉ

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ሰርቬየር ነኝ፣ እንጀራዬ ጂፒኤስ ነው፣ ጂፒኤስ ስል የስልኩን ሳይሆን ቤዝ (ቆሞ የሚቀር ሪሲቨር) ተክለን ሮቨር (ይዘነው የምንዞረው ሪሲቨር) ይዘን በሴንቲሜትር የምንለካበትን፣ አርቲኬ የምንለውን ማለቴ ነው። ሳይንቲስት አይደለሁም፣ ግን ስራዬ ከናንተ ሰማይ ጋር ስላላተመኝ ስለ ስፔስ ዌዘር (ከፀሐይ የሚመጣው ነገር ከምድር በላይ ያለውን ሰማይ ስለሚረብሽበት ሁኔታ) ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነው የከረምኩት። የምጽፈው ልወቅስ አይደለም፣ ልጠይቅ ነው፣ ጥያቄዬንም ሳላንዛዛ ካሁኑ ልናገር፤ ማታ ማታ በኛ ሰማይ ላይ የሚሆነውን ነገር፣ እዚሁ አገር በተተከለ መሳሪያ ተለክቶ፣ በአማርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን፣ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት በስልካችን አድርሱን። ርዕሱ ላይ ያልኩት ኬፒ የምድር መግነጢስ ምን ያህል እንደተረበሸ የሚነግር ቁጥር ነው፣ ለምን እንደማይበቃን እነግራችኋለሁ። ሌላው የምጽፈው ሁሉ የዚች ማብራሪያ ናት።

መጀመሪያ የሚመሰገነው ይመስገን፣ ባለፉት ሁለት ሶስት አመታት በዚህ ዘርፍ የመጣው መሳሪያ ጉድ ነው። አሜሪካኖቹ በጁን 2024 ጎስ-19 የምትባለውን ሳተላይት ሲያመጥቁ ኮሮናግራፍ ገጥመውባት ነበር፣ የፀሐይዋን ደማቅ ፊት ጋርዶ ዙሪያዋን ብቻ የሚያሳይ ካሜራ ነው፣ ከፀሐይ ተስፈንጥሮ የሚወጣው ግዙፍ የጋዝ ደመና የሚታየው በሱ ነው። ከዛ በፊት ተንባዮቹ የሚመኩት በ1995 በመጠቀችው በሶሆ ነበር፣ ሶሆ ደሞ የተሰራችው ለምርምር ነው፣ ምስሏ ሰዓታት ዘግይቶ የሚደርስበት ጊዜ ነበር፣ አሁን ግን ገና ከጅምሩ ለትንበያ ተብሎ የተሰራ ስለሆነ በየ15 ደቂቃው ምስል ይመጣል። ከዛ ሴፕቴምበር 24፣ 2025 ደሞ ስዊፎ-ኤል1 ተተኮሰች፣ ይቺ ከኛ 1.5 ሚሊዮን ኪሎሜትር ወደ ፀሐይ ገፍታ ኤል1 የሚባለው ቦታ ላይ ሆና የፀሐይን ንፋስ እንድትለካ የተላከች ናት። በዛ ቦታ እስካሁን ዘብ የቆሙት ከ1997 ጀምሮ ያለችው ኤስ እና በ2015 የሄደችው ዲስኮቨር ነበሩ፣ ሁለቱም እድሜያቸው ገፍቷል፣ ዲስኮቨር እንደውም በጁላይ 2025 በሶፍትዌር ችግር ዝም ብላ ነበር፣ ስለዚህ ተተኪዋ በጊዜዋ ነው የደረሰችው። እዛ ላይ የተለካ ንፋስ ምድር ለመድረስ እንደ ፍጥነቱ ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ስለሚወስድበት ይቺ ሳተላይት የምትሰጠው ማስጠንቀቂያ አጭር ቢሆንም የተረጋገጠ ነው። (በዛው ሮኬት የሄደችው አንዷ ካራዘርስ ትባላለች፣ በጥቁር አሜሪካዊው ሳይንቲስት በጆርጅ ካራዘርስ ስም፣ አፖሎ 16 በ1972 ጨረቃ ላይ የተከለውን ካሜራ የሰራው እሱ ነው፣ ልጆቻችሁ ይወቁት ብዬ ነው።)

ህንዶችም አዲትያ-ኤል1ን በሴፕቴምበር 2023 ልከው እዛው ደርሰዋል። በኦገስት 2025 ደሞ ናሳና አይቢኤም ሱርያ የሚሉትን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሞዴል ለቀቁት፣ በዘጠኝ አመት የፀሐይ ምስል የሰለጠነ ነው፣ የፀሐይ ፍንዳታ ሊመጣ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ልንገራችሁ የሚል፣ ማንም አውርዶ ሊሞክረው ይችላል። ጥሩ ነው። በዛ ሁሉ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ የሚያየው ፀሐይንና በመንገድ ላይ ያለውን ነው፣ ፀሐይ የላከችው ነገር ከደረሰ በኋላ መተሐራ ሰማይ ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያየው ግን ሌላ መሳሪያ ነው፣ እሱ ጋ ነው እኛ ወደ ኋላ የቀረነው።

አሁን ወደ ኬፒ ልምጣ። ስለ ፀሐይ ማዕበል የምናገኘው አፕ ሁሉ፣ ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ሁሉ፣ የሚነግረን ኬፒን ነው፤ ከ0 እስከ 9፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ 9 ሲሆን ጩኸት። በሜይ 2024 ያየነው ትልቅ ማዕበል ኬፒ 9 ደርሶ ነበር፣ ጂ5 (የመጨረሻው የማዕበል ደረጃ) የተባለ ከ2003 ወዲህ የመጀመሪያው፣ አሜሪካና ካናዳ በዘር ወቅት በጂፒኤስ የሚነዱ ትራክተሮች መስመራቸውን ስተው ገበሬው ስራ አቁሞ ነበር። እና እኛም አገር ብዙ ሰው ከዛ ቀን ጀምሮ አፑን ከፍቶ "ኬፒ 2 ነው፣ ዛሬ ሰላም ነው" ማለት ለመደ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ኬፒ የሚሰላው ጀርመን ፖትስዳም ነው፣ ግብዓቱ የሚመጣው ከ13 ጣቢያዎች ነው፣ ጣቢያዎቹም ያሉት ከኛ በጣም ርቀው ወደ ሰሜንና ደቡብ፣ የዋልታው ብርሃን ከሚታይበት ዝቅ ብሎ ባለው ቀበቶ ላይ ነው። አንዱም ወገብ ላይ የለም። ይሄ ስህተት አይደለም፣ ሲጀመር የተሰራበት አላማ የዛን አካባቢ መረበሽ መለካት ነው። ባለቤቶቹ አሁን አሻሽለው ኤችፒ30 የሚል ሰርተዋል፣ ኬፒ በሶስት ሰዓት አንዴ ነው፣ ይሄኛው በየግማሽ ሰዓቱ፣ 9 ላይም አይቆምም፣ ማዕበሉ ከበረታ ከዛ በላይ ይቆጥራል፣ በጣም ደስ ይላል፣ ግን እሱም ቢሆን የሚያወራው ስለዛው ቀበቶ ነው።

የኛ ሰማይ ሌላ ጸባይ ነው ያለው። የምድር ማግኔቲክ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፣ አዲስ አበባ ልክ ከስሩ ናት ማለት ይቻላል። እዚህ ቦታ ላይ የመግነጢሱ መስመር አግድም ይተኛል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አያዘነብልም። ቀን ቀን ፀሐይዋ ከምድር 100 ኪሎሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ጠባብ የኤሌክትሪክ ጅረት ታስነሳለች፣ ወደ ምስራቅ የሚፈስ፣ ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት የሚሉት። የኤሌክትሪኩ ሜዳ ከአግዳሚው መግነጢስ ጋር ሲገናኝ አዮኖስፌሩን፣ ማለትም ፀሐይ በኤሌክትሪክ የሞላችውን የላይኛውን የአየር ንብርብር፣ ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ ከወጣ በኋላ በመግነጢሱ መስመር እየተንሸራተተ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ አንዱ ወደ ግብፅ፣ አንዱ ወደ ታንዛኒያ በኩል ይከመራል። ይሄ የቀኑ ነው። የማታው ይብሳል። ፀሐይ ስትገባ የታችኛው ክፍል ቶሎ ይጠፋል፣ የላይኛው ግን እንዳለ ይቆያል፣ እንደውም በዛች ሰዓት ድንገት ወደ ላይ ይገፋል፣ ከባዱ ከላይ ቀላሉ ከታች ይሆንና ሽሮ ሲንተከተክ አረፋው ከስር ገፍቶ እንደሚወጣው ባዶ ባዶ አረፋ እየሰነጠቀው ይወጣል። እኒህ አረፋዎች በአስርና በመቶ ኪሎሜትር የሚለኩ ናቸው፣ ጠርዛቸው ላይ የሳተላይት ሲግናል ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፣ ሲንቲሌሽን የሚሉት እሱን ነው።

ልብ በሉ እንግዲህ፣ ይሄ ማዕበል አይፈልግም! ፀሐይ ዝም ባለችበት፣ ኬፒ 1 በሆነበት ማታ አረፋው ይነሳል። ማዕበል ሲመጣ ደሞ አንዳንዴ ያባብሰዋል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ያፍነዋል፣ እንደመጣበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ኬፒን አይቶ ዛሬ ማታ ጂፒኤሴ ይሰራል አይሰራም ማለት ለኛ አይሆንም። የሚሆነው ሌላ ነገር አይቶ ነው፤ ወሩን፣ ፀሐይዋ ያለችበትን ዘመን፣ የቀኑን ኤሌክትሮጄት፣ ፀሐይ ስትገባ የአዮኖስፌሩን አነሳስ። ወሩ መጋቢትና ሚያዝያ፣ ከዛ መስከረምና ጥቅምት ሲሆን ይበረታል፣ የፀሐይ ጉልበት በሚጨምርበት ዘመን ደሞ የበለጠ፣ አሁን ያለንበት 25ኛው የፀሐይ ዑደት ጣሪያው ላይ መድረሱን ናሳና ኖዓ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር ድርጅት) በኦክቶበር 2024 አሳውቀዋል።

ሜዳ ላይ ምን ይመስላል ብትሉኝ ልንገራችሁ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የመንገድ ስራ ላይ ነን፣ ቀን ሙቀቱ አያሰራም፣ ማሽኑም የሌሊት ሺፍት አለው፣ ስለዚህ ፔግ (የልኬት ምልክት ችካል) የምንተክለው አመሻሽ ላይ ነው። መጋቢት ነው። ፀሐይ ገብታ ትንሽ እንደቆየ ሮቨሩ ላይ ፊክስ (ቦታውን በሴንቲሜትር ይዣለሁ) ይል የነበረው ፍሎት (እርግጠኛ አይደለሁም) አለ። ስክሪኑን ሳየው ሳተላይቶቹ አሉ፣ አልጠፉም፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው፣ ዛፍ የለ ህንፃ የለ፣ ግን የሲግናል ባራቸው አንድ ባንድ ወርዶ ይወጣል ወርዶ ይወጣል፣ መጀመሪያ በምዕራብ በኩል ያሉት፣ ቆይቶ አናታችን ላይ ያሉት። ሁለት ሴንቲሜትር ይል የነበረው ስህተት ግማሽ ሜትር ሆነ፣ ጭራሽ ብሎ ደሞ በራሱ ፊክስ ይልና የተሳሳተ ፊክስ ይሆናል፣ ይሄኛው ነው የሚያስፈራው፣ ምክንያቱም ስክሪኑ አረንጓዴ ነው፣ ከፍታው ግን ቅድም ከለካነው ጋር አይገጥምም። አሰሪው ድርጅት መሳሪያው ተበላሽቷል አለ፣ ለጥገና ተላከ፣ ምንም የለበትም ተብሎ ተመለሰ፣ ከዛ ጥፋቱ የሰርቬየሩ ሆነ። ስንት ልጅ እንዲህ ሆኖ ደሞዙ እንደተቆረጠ የሜዳ ሰው ይንገራችሁ። መሳሪያውም ደህና ነበር ልጁም ደህና ነበር፣ የፈረሰው ሰማዩ ነው፣ ግን ያን ቀን በሰዓቱ ይሄን ብሎ ወረቀት የሚሰጠው ሰው አልነበረም።

ቀኑም ቢሆን ነጻ አይደለም። አዮኖስፌር ውስጥ ያለው ኤሌክትሮን የሚለካበት ቴክ የሚባል አሃድ አለ፣ አንድ ቴክ የጂፒኤስን ኤል1 ሲግናል (ቅድም ካልኩት የሳተላይቶቹ ቦታ ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋሩት) በ16 ሴንቲሜትር ያዘገየዋል። ፀሐይ በበረታችበት ዘመን ከሰዓት በኋላ እኛ ጋ ወደ 100 ሲጠጋ 16 ሜትር ማለት ነው። ኤል1ን ብቻ የሚቀበል ተራ ስልክ ይሄን የሚያርመው ጂፒኤሱ በሚልክለት ስምንት ቁጥር ነው፣ ክሎቡቻር የሚባል የድሮ ሞዴል፣ እሱም ስህተቱን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚቀንሰው። አውሮፓውያኑ ለጋሊልዮ የተሻለ አድርገው ኔኩዊክ የሚለውን ይጠቀማሉ፣ ጣሊያን ትሪዬስቴ ካለው የፊዚክስ ማዕከል የወጣ ነው፣ ብዙ አፍሪካዊ ተመራማሪ የተማረበት ቤት። እኛ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ስላለን ይሄ ራሱ ብዙም አያስፈራንም፣ የኛ ችግር ቤዙ ካለበትና ሮቨሩ ካለበት ሰማይ መሀል ያለው ልዩነት ነው፣ ሀያ ሰላሳ ኪሎሜትር ሲራራቁ ከሰዓት በኋላ ፊክስ ለማግኘት ለምን እንደምንሰቃይ አሁን ገባችሁ። የአንዳንድ ሪሲቨር አምራቾች አዲስ ፈርምዌር ላይ ለዚህ ተብሎ የገባ ማስተካከያ አለ፣ ይረዳል፣ የሰርቬየር ወንድሞችና እህቶች አፕዴት ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ አረፋውን ግን አያጠፋውም።

"ሞዴሎቹስ?" ትሉኛላችሁ። አዎ አሉ። ኖዓ ከ2021 ጀምሮ ዋም-አይፒኢ የሚለውን ስራ ላይ አውሎታል፣ የተለመደውን የአየር ትንበያ ሞዴል ወደ ላይ አስረዝሞ ከአዮኖስፌሩ ጋር ያጋጠመ ነው፣ ሁለት ቀን ያህል አስቀድሞ ይተነብያል። ግሎቴክ የሚል ካርታም አላቸው፣ ከመሬት የጂፒኤስ ጣቢያዎችና ከኮስሚክ-2 ሳተላይቶች የሚመጣውን አንድ ላይ አድርጎ የዓለምን ቴክ የሚስል። ኮስሚክ-2 ለኛ ወዳጅ ናት እላለሁ፣ ስድስቱም ሳተላይቶች በጁን 2019 የተላኩት ወደ ወገቡ በ24 ዲግሪ ብቻ አዘንብለው እንዲዞሩ ነው፣ ስለዚህ በኛ ላይ ይመላለሳሉ። ግን ሞዴሉ የሚሰጠው የሰማዩን ጥቅል ሁኔታ ነው፣ አረፋው ከሞዴሉ መረብ ቀዳዳ ያነሰ ስለሆነ ይሾልካል። ካርታውም ቢሆን ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ የሚስለው ግምት ነው፣ ቀለሙ ያማረ ስለሆነ ብቻ የተለካ አይምሰላችሁ።

አረፋውን በምስል የሚያይ መሳሪያ አለ፣ ጎልድ ይባላል፣ ከ2018 ጀምሮ በቴሌኮም ሳተላይት ላይ ተጭኖ ማታ ማታ ፎቶ ያነሳል፣ ምስሉ በጣም ያምራል፣ አረፋዎቹ እንደ ጥቁር ስንጥቅ ተደርድረው ይታያሉ። ችግሩ የቆመው ደቡብ አሜሪካና አትላንቲክ ላይ ነው፣ ብራዚልን ያያል፣ ምዕራብ አፍሪካን በዳር ያያል፣ እኛ ጋ አይደርስም። አይኮን የምትባል ሌላ ሳተላይት ነበረች፣ በ2019 ሄዳ በኖቬምበር 2022 ግንኙነቷ ተቋረጠ። ፔሩ ሊማ አጠገብ እንደኛው ማግኔቲክ ወገብ ላይ ሂካማርካ የሚባል ራዳር አለ፣ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የሚሰራ፣ 300 ሜትር በ300 ሜትር ሜዳ ላይ የተዘረጋ አንቴና። ስለ ወገብ አዮኖስፌር የዓለም ሳይንስ የሚያውቀው ብዙው ነገር ከዛ የመጣ ነው፣ አፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ራዳር የለም፣ የኛ አረፋ ደሞ ከፔሩ ጋር በወቅትም በብዛትም ልክ አንድ አይነት አይደለም።

እኛ ግን ባዶ እጃችንን አይደለንም፣ የሚያናድደኝም ይሄ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1958 ጀምሮ መግነጢስ ይለካል፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጊዜ ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዊን ያቋቋሙት ነው፣ ወገብ ላይ እንዲህ ረጅም መዝገብ ያላቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዶ/ር እንዳወቀ ይዘንጋው የሚመራው አምበር የተባለው ፕሮጀክት ደሞ አዲግራት ላይ ማግኔቶሜትር (መግነጢስ መለኪያ) ተክሎ ነበር። ባሕር ዳር ዋሸራ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ አለ፣ የሲንቲሌሽን ጂፒኤስ ሪሲቨርም እዛ ተተክሎ ብዙ ጥናት ወጥቶበታል። ሰውም አለን መሳሪያም አለን ማለት ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ ቀላል መሆኑን ላስረዳ። አዲስ አበባ ያለው ማግኔቶሜትር ከኤሌክትሮጄቱ ስር ነው፣ አዲግራት ግን ከጅረቱ ትንሽ ወጣ ይላል። ሁለቱም ጣቢያ የሩቁን ነገር፣ የማዕበሉን ሁሉ እኩል ይለካሉ። ስለዚህ ከአዲስ አበባው ላይ የአዲግራቱን ትቀንሳለህ፣ የቀረው የኤሌክትሮጄቱ ድርሻ ነው፣ ከሱ ደሞ አዮኖስፌሩ በቀን ምን ያህል ወደ ላይ እየተጎተተ እንደሆነ ትገምታለህ። መቀነስ ነው በቃ! ይሄን ተመራማሪዎቻችን በወረቀት ስንት ጊዜ ሰርተውታል። እኔ የምጠይቀው ከወረቀት ወጥቶ በየቀኑ እንዲሰራ ነው፣ የዛሬው መስመር ዛሬውኑ እንዲታይ ነው። የአዲግራቱ ጣቢያ አሁን ያለበትን ሁኔታም ብትነግሩን፣ መተካት ካስፈለገው ይተካ፣ ማግኔቶሜትር ከሳተላይት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም ነው።

ሌላው ሪሲቨር ነው። የሲንቲሌሽን ሪሲቨር ድሮ ውድ ነበር፣ አሁን ግን ቴክሳስ ዳላስ ያለ ዩኒቨርሲቲ ስኪንትፒ የሚባል ሰርቷል፣ ራስበሪ ፓይ በሚሉት በትንሿ ኮምፒዩተር ላይ፣ ዋጋው ከፕሮፌሽናሉ ጋር አይወዳደርም፣ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ሊተክለው የሚችል ነገር ነው። እና የት ይተከል ካላችሁኝ እኔ ምዕራቡን እላለሁ። ምክንያቱም አረፋው ከተነሳ በኋላ በሰከንድ 100 ሜትር አካባቢ ፍጥነት ወደ ምስራቅ ይነዳል። አሶሳ ላይ አንድ ሪሲቨር ቢኖር ከአሶሳ አዲስ አበባ በምስራቅ አቅጣጫ ከ400 ኪሎሜትር በላይ ስለሆነ አሶሳ ላይ የታየው አረፋ አዲስ አበባ እስኪደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ጊዜ አለን፣ ጋምቤላም እንደዛው። እዛው አናታችን ላይ የሚፈላውን አይነግረንም፣ ከምዕራብ የሚመጣውን ግን ይነግረናል፣ አንድ ሰዓት ለኛ ብዙ ነው፣ ቤዝ አፍርሶ ለመመለስ፣ ድሮን ሳይነሳ ለማስቀረት፣ የጀመሩትን መስመር በቶታል ስቴሽን ለመጨረስ ይበቃል። ኮርስ ጣቢያዎቻችንም (ሁሌ የሚሰሩት ቋሚ የጂፒኤስ ጣቢያዎች) ለዚህ ይሆናሉ፣ እንደ ሲንቲሌሽን ሪሲቨር በሰከንድ 50 ጊዜ ባይለኩም የቴኩን መንቀጥቀጥ ያሳያሉ፣ ዳታው ቀድሞ የተከፈለበት ነው።

ፓይለቶች ይሄን አይነት ማስጠንቀቂያ ያገኛሉ እኮ። ከኖቬምበር 2019 ጀምሮ የዓለም ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ስፔስ ዌዘር ማዕከላት ሰይሞ ስለ ጂፒኤስ፣ ስለ ኤችኤፍ ራዲዮ፣ ስለ ጨረር ማሳሰቢያ ይወጣል፣ ደቡብ አፍሪካም ሄርማነስ ላይ 24 ሰዓት የሚሰራ ማዕከል በ2022 ከፍታለች። የሲንቲሌሽኑ መለኪያ ቁጥር 0.5 ሲያልፍ መካከለኛ፣ 0.8 ሲያልፍ ከባድ ይባላል። ግን ያ ማሳሰቢያ የተሰራው ለአውሮፕላን ነው፣ ሰማዩን በ30 ዲግሪ ቀበቶ ነው የሚከፍለው፣ ከወገብ ተነስቶ ካይሮ ድረስ አንድ ሳጥን ማለት ነው። ዝዋይ ላይ ፔግ ለሚተክል ልጅ ይሄ ምን ያደርግለታል።

የምፈልገው መልእክት እንዲህ ያለ ነው፦ "ዛሬ ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል በመካከለኛውና በምዕራብ ኢትዮጵያ የጂፒኤስ መረበሽ ሊኖር ይችላል፣ እድሉ ከፍተኛ። አርቲኬ የምትሰሩ ከፍታ ደግማችሁ ለኩ። ማታ ስታቲክ የተከላችሁ እስከ ንጋት አቆዩት። የድሮን በረራ ቢቀር ይመረጣል።" አለቀ። በነጋታው ደሞ "ትናንት ብለን ነበር፣ ሆነ" ወይም "ብለን ነበር፣ አልሆነም" የሚል አንድ መስመር። አልሆነም ስትሉ የሚስቅባችሁ ካለ ቀያሽ አይደለም፣ እኛ ሜትሮሎጂ ዝናብ ይዘንባል ብሎ ሳይዘንብ ሲቀር ጃንጥላ መያዝ አላቆምንም።

ማህደሩም ክፍት ይሁን። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አካባቢ መረበሽ ተመዝግቧል የሚል ኦፊሴላዊ መዝገብ ቢኖር ያ የስምጥ ሸለቆው አይነት ጭቅጭቅ በአንድ ወረቀት ያልቃል፣ አሰሪም ኮንሰልታንትም ያየዋል፣ የኮንትራት ጉዳይ ላይ ከአፍ ወረቀት ይሻላል። ለካዳስተር ስራም እንደዛው፣ የሰው ይዞታ ወሰን ማታ ተለክቶ ከሆነ ያን ማታ ሰማዩ እንዴት እንደነበር ቆይቶ ማየት መቻል አለበት።

እኛም በበኩላችን የምንሰጠው አለ። በየቀኑ በየክልሉ ስንት ሪሲቨር ሜዳ ላይ እንዳለ አስቡት፣ ሁሉም ሎግ ይይዛል፣ ማታ ተመልሰን ፋይሉን የምናወርደው ለራሳችን ፖስት ፕሮሰሲንግ ነው፣ ከዛ ሃርድ ዲስክ ላይ ይተኛል። የምንጭንበት ቦታ ብታዘጋጁ፣ ራይኔክስ (የጥሬ ልኬት) ፋይሉን ሰዓቱንና ቦታውን ይዞ እንልካለን፣ የፕሮጀክት ሚስጥር የሆነው ኮኦርዲኔት ከሆነ ወደ አንድ ኪሎሜትር አዙሩት፣ አረፋው እንደሁ በአስርና በመቶ ኪሎሜትር ነው የሚለካው። ተማሪዎቻችሁ ለመመረቂያ የሚሰሩበት ዳታ ይሆናል፣ ከውጭ አገር ጣቢያ የወረደ ዳታ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ሰማይ ከመጻፍ ይሻላል።

ስለ ኤሌክትሪክ መስመር ብዙ አልልም፣ ባለሙያው እኔ አይደለሁም። ማዕበል ሲመታ ቀን ከሆነ በወገቡ ላይ ኤሌክትሮጄቱ ድንጋጤውን እንደሚያጎላው የታወቀ ነው፣ ኩቤክ በማርች 1989 ለዘጠኝ ሰዓት ያህል መብራት የጠፋባት ሰሜን ስለሆነች ብቻ ነው ብሎ መተኛት አይቻልም፣ 500 ኪሎቮልት መስመር ከሕዳሴው ግድብ ዘርግተናልና የሚመለከታችሁ ተነጋገሩበት።

በጀት እንደሚያስቸግራችሁ አውቃለሁ፣ ሳተላይት ስሩልን አላልኩም፣ ሳተላይቱ ፎቶ ይነሳበታል ሪባን ይቆረጥበታል፣ ማግኔቶሜትር ግን ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ማንም አያየውም፣ ለዛ ይመስለኛል ሁሌ የሚረሳው። መጀመሪያ ያለውን አገናኙት፣ የአዲስ አበባው መስመር፣ የባሕር ዳሩ ሪሲቨር፣ የኮርሱ ዳታ አንድ ገጽ ላይ ይውጣ፣ ለጊዜው ስልክ ላይ የሚከፈት ቀላል ገጽ ይበቃል፣ ከዛ ቴሌግራም ቻናል። አሶሳ ወይ ጋምቤላ ላይ አንድ ሪሲቨር። ለመስከረም ቢደርስ ሙከራውን ከእናንተ ጋር የሚሰሩ ሰርቬየሮች ከየክልሉ አሰባስባለሁ፣ የሰው እጥረት አይኖርም፣ ማታ ሜዳ ላይ ነንና።

መልሳችሁን በግልጽ ብትጽፉት ሁሉም ያየዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሜዳ ሰርቬየር

ግልባጭ፦ የሌሊት ሺፍት ላይ ላላችሁ ቀያሾች፣ ለድሮን ኦፕሬተሮች፣ ለአሰሪዎችና ለኮንሰልታንቶቻችን